በጠዋት ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ብርሃን፦ የአዲስ አበባ ቢሮዎችና ፀሐይ

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራ በጠዋት የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሥራ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ በየሕንፃው ደጃፍ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ባጅ ያንጠለጠሉ ሠራተኞች ማኪያቶ ይዘው ወይም እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከበላያቸው ያለው ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ግን መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣ በየጠረጴዛው ሥር ሂተር ተሰክቶበት ይሠራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለሰው ነው፤ ሕንፃ አጥንት አይግጥም፤ የሚያስፈልገው ሙቀት ግን በየጠዋቱ ፊቱ ላይ እየፈሰሰ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራውም በዚሁ አካባቢ በኪራይ ፎቅ ላይ ባለ ቢሮ ውስጥ ነው። እዚህ የማነሣው ጣሪያ ላይ ስለሚሰቀል የፀሐይ ሰሌዳ ሳይሆን፣ ያለ ምንም ማሽን፣ በመስኮት፣ በግድግዳና በወለል አሠራር ብቻ ቢሮን ስለ ማሞቅና በቀን ብርሃን ስለ መሥራት ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ መሐል አዲስ አበባ ያለ ቢሮ የፀሐይን ሙቀት የሚፈልገው በጠዋት ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓታት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ የሚፈልገው ብርሃኗን ብቻ ነው። ይህን ሳይለይ አራቱንም ፊቱን በአንድ ዓይነት መስታወት የሸፈነ ሕንፃ በጠዋት ይበርደዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይግላል፣ ውስጡም ቀኑን ሙሉ ይጨልማል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥርት ባለ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ደግሞ ምድሩም ጣሪያውም የሰበሰቡትን ሙቀት ወደ ጠራው ሰማይ በፍጥነት ይለቃሉ። በበጋ የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ12 ዲግሪ ይበልጣል። ሌሊት ወደ 7 ወይም 8 ዲግሪ የወረደው ቴርሞሜትር ከሰዓት በኋላ 22 እና 23 ይደርሳል። ሌሊቱን ባዶውን ያደረ ቢሮ ስለዚህ ጠዋት ቀዝቅዞ ይጠብቀናል፤ ምቹ ለመሆን የሚጎድለው ግን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ያለ ሕንፃ ሌት ተቀን የሚታገለው ብርድ እኛ ጋ የለም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ችላ የምንለውም ትንሽ ስለሚመስል ይመስለኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ከንድፍ ትምህርታችን ነው። በፀሐይ ስለሚሞቁ ሕንፃዎች የሚያስተምሩን መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ከምድር ወገብ 40 እና 50 ዲግሪ ርቀው ላሉ አገሮች ነው፤ ምክራቸውም ሰፊ መስታወት ወደ ደቡብ ማዞር ነው። ለእነርሱ ትክክል ነው። በእንግሊዝ አገር ዋላሲ በምትባል ከተማ በ1961 እ.ኤ.አ. በኤምስሊ ሞርጋን ንድፍ የተሠራው ታዋቂ ትምህርት ቤት በ53 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከፍ የምትለው 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወደ ደቡብ በዞረው ትልቅ መስታወት በኩል ክፍሉ ውስጥ ዘልቃ ትገባለች። እኛ ያለነው በ9 ዲግሪ ላይ ነው። ፀሐይ ለእኛ እጅግ ወደ ደቡብ በምታዘነብልበት በታኅሣሥ 12 እንኳ በእኩለ ቀን 57 ዲግሪ ተኩል ከፍታ ላይ ናት። ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 ገደማ በቀጥታ አናታችን ላይ ታልፋለች፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት ወራት ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ሰኔ 14 ላይ በሰሜን በኩል ከ75 ዲግሪ በላይ ሆና እናገኛታለን። ስለዚህ በእኩለ ቀን ፀሐያችን በአብዛኞቹ ወራት በመስኮት ገብታ ቢሮ ለማሞቅ በጣም ከፍ ያለች ናት፤ አብዛኛውን ጉልበቷን የምታፈሰው ጣሪያ ላይ ነው።

ጠዋት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሠራተኛው ወደ ጠረጴዛው በሚቀርብበት ሰዓት፣ ፀሐይ 25 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላለች። በዚህ ሰዓት ወደ ደቡብ ምሥራቅ የዞረ አንድ ካሬ ሜትር ንጹሕ መስታወት፣ ሰማዩ ከጠራ፣ 500 ዋት ገደማ ሙቀት ያስገባል። አራት ካሬ ሜትር የሚሆን መስኮት ያለው ክፍል እንግዲህ ባለ 2000 ዋት ሂተር የሚሰጠውን ያህል በነጻ ያገኛል ማለት ነው፤ ያውም የሚፈለግበት ሰዓት ላይ፣ የሚፈለግበት ወር ላይ። መስታወት የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ፣ ከሞቀው ወለልና ጠረጴዛ የሚመለሰውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ስለማያሳልፍ፣ የገባው ሙቀት እዚያው ይቆያል። እኔ የአዲስ አበባ ቢሮ ዋና ፊት የትኛው ነው ብባል፣ መንገዱ በየትም በኩል ይለፍ፣ ደቡብ ምሥራቁ ነው እላለሁ።

ተቃራኒው ምዕራብ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ በመስኮት ትገባለች፤ ያን ጊዜ ግን ሕንፃው ቀኑን ሙሉ ሞቋል፣ የውጭው አየር ከፍተኛ ሙቀቱ ላይ ነው፣ ሰዉም ደክሟል። የምዕራብ መስታወት በዚህ ከተማ ውስጥ ምንም የሚጠቅም ነገር የለውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ መጸዳጃ ቤቱና ማኅደር ክፍሉ በዚያ በኩል ቢቀመጡ ግድግዳቸው ያለ ብዙ መስታወት ይሠራል፤ ለቢሮዎቹም እንደ ጋሻ ይሆኑላቸዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ መወሰን ብቻ ነው፤ አንድ ብር እንኳ አያስጨምርም።

የደቡቡን መስኮት በተመለከተ አንድ ሒሳብ ላሳይ፤ ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ የማይሠራ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ በሆነ መስኮት አናት ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ የኮንክሪት መከለያ እናድርግ። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን የመከለያው ጥላ 95 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ የታችኛው 55 ሳንቲ ሜትር ፀሐይ ያገኛል። የካቲት 14 ላይ ግን ፀሐይ ከፍ ስለምትል ጥላው ከአንድ ሜትር ተኩል አልፎ መስኮቱን በሙሉ ይሸፍነዋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ደግሞ ከተማችን በጣም የምትሞቅባቸው ናቸው። አንድ የኮንክሪት ቁራጭ፣ ማንም ሳይነካው፣ በብርዱ ወር ፀሐይን ያስገባል፣ በሙቀቱ ወር ይዘጋባታል። ለምሥራቅና ለምዕራብ መስኮት ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ዝቅ ብላ የምትመጣን ፀሐይ የሚከለክለው በመስኮቱ ጎን የሚቆም መከለያ ነው፤ እሱንም ቢሆን የጠዋቷን አስገብቶ የከሰዓቷን እንዲመልስ አድርጎ ማዞር ይገባል።

መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ ጎረቤቱስ? ጥያቄው ትክክል ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአንድ ሕንፃ ጥላ ርዝመት የቁመቱን ሁለት እጥፍ ያልፋል። ከሁላችንም መስኮት የሚታየው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ከፍታ ስላለው፣ በዚያ ሰዓት ጥላው ከ450 ሜትር በላይ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ መካከል ይዘረጋል፤ በእኩለ ቀን ግን ወደ ሰሜን 130 ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል። ይህ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን በሰንጋ ተራ ዙሪያ አዲስ ሕንፃ የሚነድፍ ሰው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለውን ጎረቤት ቁመት ሳይለካ የጠዋት ፀሐይ አገኛለሁ ብሎ ሊተማመን አይችልም። ዝቅተኛዎቹ ፎቆች ፀሐይ የማያገኙ ከሆነ ለሱቅና ለባንክ ቅርንጫፍ አድርጎ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩትን ወደ ላይ ማውጣት አንዱ መፍትሔ ነው።

የገባው ሙቀት የት ይቀመጣል የሚለው ከመስኮቱ ያላነሰ አስፈላጊ ነው። አየር ሙቀት አይይዝም፤ በእኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ስስ ስለሆነ ይብሳል። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ሙቀት ሁለት ሺህ ሜትር ኩብ ያህል አየር ከሚይዘው ጋር ይተካከላል። እሳቱ ከወጣ በኋላም እንጀራ እንደሚያበስል ምጣድ፣ ከባድ ወለልና ሶሌታ (የኮንክሪቱ ጣሪያ) የጠዋቷን ፀሐይ ተቀብለው ቀስ እያሉ ይመልሷታል፤ ከሰዓት በኋላም ከሰውና ከኮምፒዩተር የሚወጣውን ትርፍ ሙቀት ይመጥጣሉ። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ሶሌታውን በጂፕሰም ኮርኒስ እንሸፍነዋለን፤ ወለሉን በምንጣፍ እናለብሰዋለን፤ ክፍሎቹን በቀላል ፓርቲሽን እንከፋፍላለን። ሕንፃው በሺህ የሚቆጠር ኩንታል ሲሚንቶ ፈጅቶ ሲያበቃ፣ ውስጡ ያለው ሰው የሚኖረው በካርቶን ሣጥን ውስጥ ነው። ክፍሉ ፀሐይ ሲገባበት ወዲያው ይግላል፤ ሰዉ መጋረጃውን ይጎትታል፤ ደመና ሲመጣ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ፒያሳ አካባቢ የቀሩትን የድንጋይ ቤቶች የሚያወድሱ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ወፍራም ግድግዳ ብቻውን አያሞቅም። ፀሐይ የማይገባበት የድንጋይ ክፍል በኅዳር ጠዋት ከብሎኬት ክፍል የባሰ ይበርዳል፤ እዚያ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ከባድ ግድግዳ የተሰጠውን ነው የሚይዘው፤ ብርድ ከሰጡትም ብርዱን ይዞ ይቆያል።

ፈረንሳዊው ፌሊክስ ትሮምብ ያስተዋወቀውንና በስሙ የሚጠራውን ግድግዳ ለቢሮ የሚመክሩም አሉ፤ ይህም ወፍራም ጥቁር ግድግዳ ከፊቱ መስታወት ተደርጎለት፣ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት በውስጡ አሳልፎ ከብዙ ሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ የሚለቅበት አሠራር ነው። ለመኖሪያ ቤት መልካም ሊሆን ይችላል። ለቢሮ ግን አልመክረውም፤ 25 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪትን ሙቀት አቋርጦ ለማለፍ ሰባት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የእኩለ ቀኑ ሙቀት ክፍሉ የሚደርሰው ሠራተኛው ታክሲ ተሰልፎ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ሰዓት ነው። ለቢሮ የሚሻለው ፀሐይዋን በቀጥታ አስገብቶ ወለሉ ላይ ማሳረፍ ነው።

አንድ ሰው ተቀምጦ ሲሠራ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። አሥራ ሁለት ሰዎች ከነኮምፒዩተራቸው የሚሠሩበት ክፍል ከሁለት ኪሎ ዋት በላይ ያለማቋረጥ ያገኛል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የዋላሲ ትምህርት ቤት የሚሞቀውም በፀሐይ፣ በመብራቶቹና በተማሪዎቹ ገላ ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ የእኛም ቢሮ ራሱን ያሞቃል፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋን እንደ እንግዳ በር ላይ መሸኘት፣ ብርሃኗን ግን ማስቀረት ያስፈልጋል። ከባዱ የንድፍ ሥራ ይሄ ነው።

ስለ ብርሃኑ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ መብራት የሚጠፋበት ቅጽበት ነው። በምሠራበት ፎቅ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥና ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ያሉት ምንም እንዳልተፈጠረ ይጽፋሉ፤ ሁለተኛው ረድፍ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ረድፍ ስልኩን ያወጣል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ውጭ ዓይን የሚያጭበረብር ፀሐይ እያለ! በብዙ አገሮች መመዘኛ ለቢሮ ሥራ ጠረጴዛ ላይ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል። ሰማዩ በሙሉ በደመና ተሸፍኖ እንኳ ውጭ 10,000 ሉክስ ይኖራል፤ ጥርት ባለ ቀን ደግሞ ወደ 100,000 ይደርሳል። በደመናማ ቀን ከውጭው ብርሃን ከሃያ አንዱን ማስገባት ከቻልን አምፖል አያስፈልገንም።

ይህ የማይሆንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንዱ የሕንፃው ጥልቀት ነው፤ የቀን ብርሃን ለሥራ በሚበቃ መጠን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የመስኮቱ አናት ከወለሉ ያለውን ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የመስኮቱ አናት በ2 ሜትር ከ40 ላይ ከሆነ አምስት ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ አምፖል ጠባቂ ነው። ኮርኒሱን ዝቅ ባደረግን ቁጥር የመስኮቱን አናት እንቆርጣለን፤ ብርሃኑን እናሳጥራለን። ሁለተኛው ያ ሰማያዊ አንጸባራቂ መስታወት ነው። ሙቀት ለመቀነስ ተብሎ የሚገጠመው ይህ መስታወት ብዙውን ጊዜ ከሚያርፍበት ብርሃን ግማሹን እንኳ አያሳልፍም፤ የጠዋቷን ሙቀትም አብሮ ይመልሳል። ሦስተኛው መጋረጃው ነው፦ ጠዋት አንድ ሰው ፀሐይ ኮምፒዩተሩ ላይ ስላረፈች ብላይንዱን ይዘጋል፤ ፀሐይዋ ካለፈች በኋላ ግን የሚከፍተው የለም፤ በማግሥቱም ተዘግቶ ያገኘዋል።

መድኃኒቱ መስኮቱን ለሁለት መክፈል ነው። ከሰው ቁመት በላይ፣ በሁለት ሜትር ገደማ ላይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ አግድም መደርደሪያ ይገጠማል፤ በሙያው ላይት ሼልፍ ይባላል። ከእርሱ በላይ ያለው መስታወት ንጹሕና መጋረጃ የሌለው ይሆናል። ከፍ ብላ የምትመጣው ፀሐይ መደርደሪያው ላይ አርፋ ወደ ነጩ ጣሪያ ትነጥራለች፤ ከጣሪያው ደግሞ ብርሃኑ ተበትኖ ወደ ውስጠኛው ረድፍ ይደርሳል። ከታች ያለው ሰው መጋረጃውን ቢዘጋም የላይኛው ብርሃን አይነካም። የእኛ ፀሐይ ለሙቀት አስቸጋሪ ያደረጋት ያ ከፍታዋ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ያደርጋታል። ሰሜን ፊት ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርሶ ስለማያገኝ፣ የረጋና ዓይን የማይወጋ ብርሃን ይሰጣል፤ ለሥዕል ጠረጴዛና ለስክሪን የሚመረጠው እርሱ ነው፤ ጠዋት እንደሚበርድ ግን መርሳት አይገባም።

በዚህ ጉዳይ አንድ የሕንፃ ባለቤት ጋር ረጅም ውይይት አድርገን ነበር። እኒህ ሰው ሥዕሉን በትዕግሥት ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ይሆናል፤ ግን መስታወት ያልለበሰ ሕንፃ ማን ይከራየኛል? ባንክ ሲመጣ የሚያየው ፊቱን ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ መንገድ ዳሩን መስታወት እናድርገው፤ አራቱንም ፊት አንድ ዓይነት አናድርገው ነው የምለው» አልኳቸው። በመጨረሻ ምዕራቡን ለመድፈን ተስማሙ፤ የደቡቡን መከለያ ግን «ሕንፃውን ያስረጀዋል» ብለው አስወጡት። እውነቱን ለመናገር ሥጋታቸው ባዶ አይደለም፤ ተከራይ የኤሌክትሪኩን ወጪ የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው። ብርሃን ከሙቀት ይልቅ የሚያሳልፍ ሎ-ኢ የሚባል መስታወት ገበያ ላይ አለ፤ ዋጋው ግን ከተራው ስለሚበልጥ፣ ለምዕራቡ ከመግዛት ምዕራቡን መድፈን ይሻላል።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ሚክ ፒርስ የነደፈው ኢስትጌት ሕንፃ፣ እንደ እኛው በአፍሪካ ደጋ ላይ የቆመ የቢሮና የገበያ ሕንፃ ሆኖ፣ በሌሊት ቀዝቃዛ አየር ኮንክሪቱን እያቀዘቀዘ ያለ ተለመደው የማቀዝቀዣ መሣሪያ ይሠራል። እኛም በመጋቢትና በሚያዝያ ይህንኑ ማድረግ እንችላለን፤ ሌሊት ከመስኮቱ በላይ ያለችው፣ ፍርግርግ የተሠራላት ጠባብ ክፍት ብቻ ትበቃለች። በኅዳር ተዘግታ ታድራለች።

ክረምትን በተመለከተ ግን ማጋነን አልፈልግም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ፀሐይዋ በደመና ስለምትሸፈን በመስኮት የሚገባ ሙቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያን ጊዜ የሚረዳን የሰዉ ሙቀት እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ ነፋስ የሚያስገቡትን የአልሙኒየም መስኮቶች ጎማቸውን መቀየርና የደረጃውን በር ዘግቶ መዋል። ብርሃኑ ግን አይጠፋም፤ ከደመና የሚመጣ ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ላይ ከፍ ያለ ንጹሕ መስታወት ያለው ክፍል በሐምሌም ያለ አምፖል ይሠራበታል።

ኪራይ ቤት ውስጥ ላሉ፣ ግድግዳ ማፍረስ ለማይችሉም የሚሆን አለ። በእኛ ፎቅ መጀመሪያ ያደረግነው መስኮት ዳር የነበረውን የኮርኒስ ረድፍ አንሥቶ ሶሌታውን ነጭ መቀባት ነበር፤ ከኮርኒሱ ጀርባ ተደብቆ የነበረ የመስታወት ክፍል ተገለጠ። ምንጣፉ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ተነሥቶ የቴራዞ ወለሉ ወጣ። ማኅደር መደርደሪያዎቹ ከመስኮት ዳር ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ተዛወሩ፤ ጠረጴዛዎቹም ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣላቸው ዞሩ፤ ስክሪኑ ፊት ለፊትም ሆነ ከጀርባ መስኮት ከሌለ መጋረጃ የሚጎትት አይኖርም። አምፖሎቹ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሚሠሩ መስኮት ዳር ያሉትን ለብቻ ማጥፋት አልተቻለም ነበር፤ ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን በረድፍ ለይቶልናል። አሁን የቀረው ሰማያዊው መስታወት ነው፤ እርሱ የባለቤቱ ስለሆነ ውሉ ሲታደስ ከኪራዩ ጋር የምናነሣው ጉዳይ ይሆናል።